ቻይናን የገዛት ኮንፊሽየስ አይደለም

ስለ ቻይና ሲጻፍም ሲወራም ለሁሉም ጥያቄ አንድ መልስ ይቀርባል። ሕዝቡ ለመንግሥት ለምን ይታዘዛል? ኮንፊሽየስ ስላስተማረው። ተማሪው ለፈተና ሲል እንቅልፍ የሚያጣው ለምንድን ነው? ያው የኮንፊሽየስ ነገር ነው። መንግሥቱ ሲወድቅና ሲነሣ ሁለት ሺህ ዓመት ቅርጹን ሳይለቅ የቆየውስ? አሁንም ኮንፊሽየስ። ትንሽ ገፋ አድርጎ ያነበበ ሰው ደግሞ ዳዎይዝምንና ቡድሂዝምን ይጨምርና ሦስቱ ትምህርቶች ተስማምተው አንድ ሕዝብና አንድ መንግሥት ቀረጹ ብሎ ያሳርጋል። ይህ አባባል ሙሉ በሙሉ ሐሰት ነው አልልም፤ ነገሩን የያዘው ግን በተሳሳተ ጫፉ ነው። ትምህርቶቹ የቻይናን ቤተሰብ፣ ቀብር፣ በዓልና የሹማምንት ቋንቋ ቀርጸዋል። ወደ ሥልጣን ስንመጣ ግን ነገሩ ይገለበጣል። የትኛው ትምህርት ይስፋ፣ የትኛው መጽሐፍ ይነበብ፣ ስንት ሰው ይመንኩስ የሚለውን የወሰነው ዙፋኑ ነው። የቻይናን መንግሥት ከብዙዎቹ የተለየ ያደረገው የሦስቱ ትምህርቶች ጥበብ አይመስለኝም። ከሦስቱ አንዱም እንኳ የራሱ ርስት፣ የራሱ ሹመትና የራሱ ተከታይ ይዞ ከዙፋኑ ጎን እንዳይቆም መደረጉ ነው። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከመጀመሪያው እንነሣ። ኮንፊሽየስ ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ551 እስከ 479 የኖረ፣ በዛሬው ሻንዶንግ ውስጥ ሉ ከምትባል ትንሽ ግዛት የወጣ መምህር ነበር። ምክሩን የሚሰማ ገዥ ፍለጋ ከአንዱ ቤተ መንግሥት ወደ ሌላው ሲንከራተት ኖሮ፣ ሳይሳካለት ወደ አገሩ ተመልሶ ሞተ። ከሁለት መቶ ተኩል ዓመታት በኋላ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ221፣ ቻይናን በጉልበት አንድ ያደረጋት የቺን መንግሥት የእርሱን ተከታዮች የሚንቅ ነበር። የቺን ገዥዎች የሰሙት ሌጋሊስት የሚባሉትን አሳቢዎች ነው። በእነዚህ ሰዎች አስተሳሰብ አገር የሚገዛው በተጻፈ ሕግ፣ በከባድ ቅጣት፣ በሽልማትና ከላይ እስከ ታች በተሳሰረ ሹመት እንጂ በመልካም ምግባር አይደለም። በ213 በዋና ሚኒስትሩ በሊ ሲ ምክር የጥንት መጻሕፍት ተሰብስበው እንዲቃጠሉ ታዘዘ። ሥርወ መንግሥቱ አገሩን አንድ ካደረገ ከአሥራ አምስት ዓመት ገደማ በኋላ ተንኮታኮተ። የወደቀው ግን ቤተሰቡ ነው። ወረዳው፣ ከማዕከል ተሹሞ የሚላከውና የሚዛወረው ሹም፣ የሕዝብ ቆጠራው፣ የግብር መዝገቡና የወንጀል ሕጉ አልወደቁም። ቀጥሎ የመጣው የሃን ሥርወ መንግሥት ይህን ሁሉ እንዳለ ወረሰው። የመንግሥቱ አጥንት ኮንፊሽየስ ቤተ መንግሥት ከመግባቱ በፊት ተሠርቶ አልቆ ነበር ማለት ነው።

ከዚህም የሚያስገርመው፣ የሃን ቤተ መንግሥትን መጀመሪያ የማረከው የኮንፊሽየስ ትምህርት አለመሆኑ ነው። ከቺን ጭካኔ የተረፉት የሃን ገዥዎች የዳዎይዝም አባት የሚባለውን የላኦ ዙን መጽሐፍ ይወድዱ ነበር። ገዥ ባነሰ መጠን ጣልቃ ሲገባ አገር ራሷን ታቃናለች የሚለው የዳዎ አስተሳሰብ ለደከመና ለተራበ ሕዝብ ተስማሚ ፖሊሲ ሆነ። ንጉሠ ነገሥት ዌን በ167 አካል የመቁረጥን ቅጣት ሻረ። ለዚህ ያነሣሣው አባቷ እንዳይቆረጥ ስትል ራሷን ለባርነት ያቀረበች አንዲት ልጅ ያስገባችው አቤቱታ ነበር። (ቅጣቱ በግርፋት ተተካና ብዙ ሰው በግርፋቱ ስለሞተ፣ የግርፋቱን ቁጥር መቀነስ ለንጉሡ ልጅ ተረፈ። የምሕረት አዋጅ ሁሉ ምሕረት አይሆንም።) በልጁ በጂንግ ዘመን የመሬት ግብር ከምርቱ ወደ አንድ ሠላሳኛ ወረደ። ይህ አገዛዝ የተሳካ ነበር፤ ጎተራው ሞላ፣ ግምጃ ቤቱም ሞላ። ታዲያ ለምን ተተወ? ስሕተቱ ስለተረጋገጠ አይደለም። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ141 የነገሠው ዉ በሰሜን ካሉት ሽዮንግኑዎች ጋር ለመዋጋት፣ ድንበር ለማስፋትና መሳፍንቱን ለመስበር ስለፈለገ ነው። ዝም ብሎ የሚቀመጥ ገዥን የሚያወድስ ትምህርት ለእንዲህ ያለ ንጉሥ አይመቸውም።

ዉ በ136 ለኮንፊሽየስ ትምህርት አምስት መሠረታዊ መጻሕፍት የመንግሥት መምህራን ሾመ። በ124 ደግሞ ሃምሳ ተማሪዎች ያሉት የንጉሠ ነገሥት ትምህርት ቤት ከፈተ። ቻይና የኮንፊሽየስ አገር ሆነች የሚባለው ከዚህ ጀምሮ ነው። ይኸው ንጉሥ ግን ጨውንና ብረትን በመንግሥት ሞኖፖል ሥር አዋለ፣ በጭካኔያቸው የታወቁ ዳኞችን ሾመ፣ የማይሞትበትን መድኃኒት እናገኝልሃለን የሚሉ አስማተኞችንም በቤተ መንግሥቱ ቀለበ። እርሱ ከሞተ በኋላ በ81 የኮንፊሽየስ ሊቃውንት ቤተ መንግሥት ተጠርተው በሞኖፖሉ ላይ ከባለሥልጣናቱ ጋር ተከራከሩ። መንግሥት ከሕዝብ ጋር በትርፍ አይሻማ ብለው አጥብቀው ሞገቱ። የክርክሩ ቃለ ጉባኤ ተብሎ የተጻፈው መጽሐፍ እስከ ዛሬ ይነበባል፤ የጨው ሞኖፖል ግን ከክርክሩ በኋላም በቦታው ቀረ። ንጉሠ ነገሥት ሹዋን ደግሞ አልጋ ወራሹ የኮንፊሽየስ ሊቃውንትን ብቻ ሹም ብሎ ሲመክረው፣ የሃን ቤት አገዛዝ ጉልበትንና ምግባርን የቀላቀለ እንጂ በምግባር ብቻ የቆመ አለመሆኑን ነግሮ እንደገሠጸው የታሪክ መዝገቡ ይመሰክራል። ከዚህ በላይ ግልጽ ማስረጃ ከየት ይምጣ?

ኮንፊሽያኒዝም የሰጠው ነገር ትንሽ ነበር ማለቴ ግን አይደለም። እንዲያውም በሁለት ቦታ የሰጠው እጅግ ከባድ ነው። አንደኛው ቤተሰብ ነው። በ653 የወጣው የታንግ ሥርወ መንግሥት ሕግ ለወላጅ አለመታዘዝን ምሕረት ከማይደረግላቸው አሥር ወንጀሎች አንዱ አድርጎ ቆጠረው። ወላጁን የከሰሰ ልጅ፣ ክሱ እውነት ቢሆን እንኳ፣ በሞት ይቀጣ ነበር። ዘመዱን የደበቀ ሰው ደግሞ፣ ጉዳዩ በመንግሥት ላይ የተሸረበ ክህደት ካልሆነ በቀር፣ አይጠየቅም ነበር። ሹም አባቱ ወይም እናቱ ሲሞቱበት ሥራውን ለቅቆ ለ27 ወራት ሐዘን መቀመጥ ነበረበት። ይህ ሁሉ ለመንግሥት ውድ ጥቅም ነበረው። በአሥራ ዘጠነኛው ምዕተ ዓመት ወደ 400 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ የነበራትን አገር የሚያስተዳድሩት የሲቪል ሹማምንት 20,000 ገደማ ብቻ ነበሩ። ወደ 1,300 ከሚደርሱት ወረዳዎች እያንዳንዱ አንድ ዋና ሹም ነበረው፤ እርሱም ከተወለደበት ክፍለ ሀገር ውጭ እንዲሠራ ስለሚገደድ የሕዝቡን ቋንቋ እንኳ አጥርቶ የማያውቅበት ጊዜ ብዙ ነው። የቀረውን ሥራ የሚሠራው አባወራው፣ የጎሳው ሽማግሌና የአያት ቅድመ አያት መታሰቢያ ቤቱ ነበር። ንጉሠ ነገሥት ካንግሺ በ1670 አሥራ ስድስት አንቀጽ ያለው የምግባር መመሪያ አውጥቶ በየመንደሩ እንዲነበብ ሲያዝ፣ ለወላጅ መታዘዝን የመጀመሪያው አንቀጽ ያደረገው በከንቱ አልነበረም።

ሁለተኛው ፈተናው ነው። ከሱይ ሥርወ መንግሥት፣ ማለትም ከሰባተኛው ምዕተ ዓመት መባቻ ጀምሮ እስከ 1905 ድረስ፣ ሹመት የሚፈልግ ሰው በጽሑፍ ይፈተን ነበር። በሶንግ ዘመን የተፈታኙ ስም ይሸፈን፣ የእጅ ጽሑፉም እንዳይታወቅ መልሱ በሌላ ጸሐፊ ይገለበጥ ነበር። በዘመኑ ሹመት በአብዛኛው ዓለም በደም ይወረስ እንደነበር ስናስብ ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ቻይናውያን ቢኮሩበት አይፈረድባቸውም። ግን ፈተናው ለማን ጠቀመ? በታንግ ዘመን ከንጉሡ ቤት የማያንስ ክብር የነበራቸው የባላባት ቤቶች በሶንግ ዘመን ጠፍተዋል። በምትካቸው የመጣው የተማረ ሹም ክብሩን ያገኘው ከአያቱ አይደለም፤ ዙፋኑ ካዘጋጀው ፈተና ነው፤ የሚፈተንበትንም መጽሐፍ የሚመርጠው ዙፋኑ ነው። ዡ ሺ የተባለው ታላቁ ሊቅ በ1200 ሲሞት ትምህርቱ ሐሰተኛ ተብሎ የታገደ ነበር። በ1313 ደግሞ የሞንጎሎቹ የዩዋን መንግሥት የእርሱን ማብራሪያ የፈተናው መለኪያ አደረገው፤ እስከ 1905 ድረስም እንዲሁ ቆየ። መጽሐፉ በመካከል አልተለወጠም። የተለወጠው የዙፋኑ ፍላጎት ነው።

እዚህ ላይ ጠንካራ ተቃውሞ ይነሣል። የኮንፊሽየስ ሊቃውንት የዙፋን አሽከሮች ብቻ አልነበሩም፤ ንጉሥን የመገሠጽ ግዴታ ነበረባቸው፤ ብዙዎቹም ስለዚህ ሞተዋል። እውነት ነው። በእኛ አገር ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ ይባላል፤ በቻይና ግን ንጉሥ የሚነግሠው ሰማይ እስከፈቀደለት ብቻ ነውና በሰማይ ስም መክሰስ ይቻል ነበር። በ1566 ሃይ ሩዊ የተባለ አንድ መካከለኛ ሹም፣ የዘላለም ሕይወት መድኃኒት በሚቀምሙ የዳዎ ካህናት ተጠምዶ መንግሥቱን ለተወው ለንጉሠ ነገሥት ጂያጂንግ አገሩን አጠፋህ የሚል ደብዳቤ ጻፈ። ደብዳቤውን ከመላኩ በፊት የሬሳ ሣጥኑን እንደገዛ ይነገራል። ታሰረ፤ ያዳነው የንጉሡ ሞት ነው። ይኸው ንጉሥ በ1524 የወላጅ አባቱን ክብር በሚመለከት ሥርዓት ላይ የተቃወሙትን ሹማምንት በቤተ መንግሥቱ አደባባይ ሲያስገርፍ ከአሥራ አምስት በላይ የሚሆኑት ሞተዋል። በ1577 ደግሞ የዋናው መጋቢ የዣንግ ጁዠንግ አባት ሲሞት ዙፋኑ ሐዘኑን ትቶ በሥራው እንዲቆይ አዘዘ፤ ይህ ሥርዓት ማፍረስ ነው ያሉት ሹማምንት ተገረፉ። እነዚህ ሰዎች ጀግኖች ነበሩ። ይሁን እንጂ አንድ ሰው ሲገረፍ የሚጠጋበት ደብር፣ ስለ እርሱ የሚያወግዝ ሲኖዶስ፣ ከመንግሥት ደመወዝ ውጭ የሚያኖር ርስት አልነበራቸውም። በግላቸው አካዳሚ ሊሰበሰቡ ሲሞክሩ ምን እንደደረሰባቸውም እናውቃለን። በ1604 እንደገና የተከፈተው የዶንግሊን አካዳሚ የቤተ መንግሥት ጃንደረቦችን ሹመኛነት በመቃወሙ ከሃያ ዓመት ገደማ በኋላ ፈረሰ፤ መሪዎቹም በእስር ቤት ተሰቃይተው ሞቱ። የኮንፊሽየስ ትምህርት ሰማዕት ሊያወጣ ችሏል። ንጉሥን በሕግ የሚያቆም ተቋም ግን አላወጣም።

መጽሐፉስ ቢሆን መች ተረፈ? የሚንግ ሥርወ መንግሥት መሥራች ዡ ዩዋንዣንግ፣ ከገዥ ይልቅ ሕዝብ ይከብራል የሚለውን የኮንፊሽየስ ተከታይ የሜንሲየስን ትምህርት ሲያነብ ተቆጥቶ የሊቁን መታሰቢያ ከኮንፊሽየስ ቤተ መቅደስ አስወጣ። ኋላ ቢመልሰውም በ1394 ከመጽሐፉ ውስጥ 85 ክፍሎች ተቆርጠው እንዲታተም አደረገ። የዋና ሚኒስትርነትን ሹመት ጭራሽ የሻረውም ይኸው ሰው ነው።

ወደ ቡድሂዝም ስንሄድ ነገሩ ይበልጥ ይጠራል፤ ምክንያቱም በቻይና ታሪክ ውስጥ ለዙፋኑ እውነተኛ ተፎካካሪ ሊሆን የሚችል ቤት ሠርቶ የነበረው እርሱ ብቻ ነው። ከሕንድ በንግድ መንገድ የገባው ይህ ሃይማኖት መነኮሳት፣ ገዳማት፣ የራሱ ሕግና የራሱ ማዕረግ ነበረው። የሃን መንግሥት ወድቆ አገሩ በተከፋፈለበት ዘመን በደቡብ፣ በሉ ተራራ የነበረው ሁዪዩዋን የተባለ መነኩሴ በ404 መነኩሴ ለንጉሥ አይሰግድም ብሎ ጻፈ፤ የደቡቡ ደካማ መንግሥትም ታገሠው። በሰሜን ግን የመነኮሳቱ አለቃ ፋጉዎ ሌላ መፍትሔ አገኘ፤ ንጉሠ ነገሥቱ ራሱ ቡድሃ ስለሆነ ለእርሱ መስገድ ለቡድሃ መስገድ ነው አለ። የሰሜኑ ፈሊጥ አሸነፈ። ከ460 ጀምሮ በዩንጋንግ ዓለት ውስጥ የተፈለፈሉት ግዙፍ የቡድሃ ምስሎች የሥርወ መንግሥቱን ነገሥታት እንዲወክሉ ተደርገው እንደተቀረጹ ይታመናል። በ690 ዙፋኑን የያዘችው ዉ ዜቲየን፣ በቻይና ታሪክ በራሷ ስም ንጉሠ ነገሥት የተባለች ብቸኛዋ ሴት፣ የሴት አገዛዝን የሚከለክለውን የኮንፊሽየስ ሥርዓት ማለፊያ ያገኘችው በቡድሂስት መጽሐፍ ነው። ሴት ገዥ እንደምትመጣ የሚተነብየውን የታላቁን ደመና ሱትራ በየአውራጃው አሰራጨች። ዙፋኑን ለገዳም አሳልፎ ለመስጠት የደፈረ ንጉሥ አንድ ብቻ ነው ማለት ይቻላል፤ እርሱም የሊያንግ ሥርወ መንግሥት ንጉሠ ነገሥት ዉ ነው። በስድስተኛው ምዕተ ዓመት ራሱን ለገዳም አገልጋይነት ደጋግሞ ሰጠ፤ ሚኒስትሮቹም በብዙ ገንዘብ ቤዛ እየከፈሉ መለሱት። በ549 በዓመፀኛ እጅ ተከብቦ በገዛ ቤተ መንግሥቱ በረሃብ ሞተ። ከእርሱ በኋላ የመጡት ነገሥታት ይህን ታሪክ ሁሉም አንብበውታል።

የዙፋኑና የገዳሙ ጠብ ብዙ ጊዜ ስለ ነፍስ አልነበረም፤ ስለ ግብር ነበር። መነኩሴ ግብር አይከፍልም፣ ለግዳጅ ሥራም አይጠራም። ገዳም መሬት፣ ወፍጮ፣ ጭሰኛና ባሪያ ነበረው፤ ገንዘብም ያበድር ነበር። ስለዚህ መንግሥት የመነኩሴነት የምስክር ወረቀት መስጠትን በእጁ አስገባ፤ ከ755ቱ የአን ሉሻን ዓመፅ በኋላ ግምጃ ቤቱ ሲራቆት ደግሞ ወረቀቱን በገንዘብ ሸጠው። ሃን ዩ የተባለው የኮንፊሽየስ ሊቅ በ819 ንጉሡ የቡድሃን የጣት አጥንት በክብር መቀበሉን አጥብቆ ቢቃወም ከሞት ቅጣት ለጥቂት ተረፈና በደቡብ ጠረፍ ወዳለችው ቻውዡ ተጋዘ። ሐሳቡ ያሸነፈው እርሱ ከሞተ ከሃያ ዓመት በኋላ ነው፤ ያሸነፈውም በክርክር አይደለም፣ በበጀት ነው። በ845 ንጉሠ ነገሥት ዉዞንግ ባወጣው አዋጅ 4,600 ገዳማትና 40,000 ያህል ትናንሽ የጸሎት ቤቶች ፈረሱ። 260,500 መነኮሳትና መነኮሳይያት ወደ ዓለም ተመልሰው ግብር ከፋይ ሆኑ፤ 150,000 የገዳም ባሪያዎችም በመንግሥት መዝገብ ሰፈሩ። የነሐስ ምስሎች ቀልጠው ሳንቲም፣ የብረቶቹ ደግሞ የእርሻ መሣሪያ ሆኑ። ንጉሡ በዓመቱ ሲሞት አዋጁ ተሻረ፤ ገዳማቱ ግን የቀድሞ ሀብታቸውንና ክንዳቸውን መልሰው አላገኙም።

ከዚህ በኋላ ቡድሂዝም በሌላ በር ገባ፤ ይህም ለቻይና ሕዝብ ከመንግሥት ጉዳይ የበለጠ ትርጉም የነበረው ይመስለኛል። ኮንፊሽየስ ስለ ሞት ብዙ አልተናገረም፤ ሰው ግን ይሞታል። ሙታንን የሚሸኘው፣ ለሰባት ሰባት ቀን እየቆጠረ የሚጸልየው፣ በሰባተኛው ወር በአሥራ አምስተኛው ቀን ለተራቡ ነፍሳት ማዕድ የሚያቀርበው የቡድሃ መነኩሴ ሆነ። ልጅን ከቤት አስወጥቶ ያመነኩሳል ተብሎ የተከሰሰው ሃይማኖት፣ እናቱን ከሲኦል ለማውጣት የወረደውን የሙሊየንን ታሪክ በየአደባባዩ እያስተረከ ከማንም በላይ ለወላጅ ታዛዥ መሆኑን አስመሰከረ። ዓመቱ በውስጡ ከተጻፈባቸው የታተሙ መጻሕፍት ሁሉ ጥንታዊው፣ በዱንሁዋንግ ዋሻ የተገኘው የ868ቱ የአልማዝ ሱትራ፣ አንድ ሰው ለወላጆቹ መታሰቢያ ብሎ ያሳተመው ነው። የኮንፊሽየስ ሊቃውንትም ቢሆኑ ቡድሂዝምን እየነቀፉ ተበደሩት፤ ዡ ሺ በወጣትነቱ ቻን የተባለውን የቡድሂዝም ቅርንጫፍ መነኮሳት ትምህርት ተምሯል፤ ትምህርት ቤቱም ጸጥ ብሎ ተቀምጦ ማሰላሰልን ያዘወትር ነበር።

ዳዎይዝም መጀመሪያ ላይ የቤተ መንግሥት ፖሊሲ እንደነበር አይተናል፤ ከቤተ መንግሥት ሲወጣ ደግሞ የዓመፅ ባንዲራ ሆነ። ከክርስቶስ ልደት በኋላ በ184 ዣንግ ጁዌ የተባለ ፈዋሽ የመራው የቢጫ ሻሽ ዓመፅ የሃንን መንግሥት አናጋው። በዚያው ዘመን በሃንዦንግ የሰማይ መምህራን የሚባሉት የዳዎ ካህናት ለመንገደኛ ነጻ ማረፊያ የሚሠራ፣ ከምእመኑ ሩዝ የሚሰበስብ፣ በካህናት የሚተዳደር የራሳቸው መንግሥት አቁመው ነበር። ይህ ሙከራ በ215 መሪያቸው ዣንግ ሉ ለጦር መሪው ለሳኦ ሳኦ እጁን ሰጥቶ ማዕረግ ሲቀበል አከተመ። የታንግ ነገሥታት የቤተሰብ ስማቸው ከላኦ ዙ ጋር ስለገጠመ ዘሩ ነን ብለው ሃይማኖቱን አከበሩት፤ በ741 በዳዎ መጻሕፍት የሚሰጥ የሹመት ፈተና ሳይቀር አቋቋሙ። ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ግን በ1369 የሆነው ነው። የሚንግ መሥራች በየከተማው ለሚመለኩት የከተማ ጠባቂ አማልክት እንደ ሹማምንቱ ደረጃ ማዕረግ ሰጣቸው፤ በዓመቱ ደግሞ ማዕረጋቸውን መልሶ ነጠቃቸው። አዲስ የተሾመ የወረዳ ሹም ሥራ ከመጀመሩ በፊት በከተማው አምላክ ፊት ይምል ነበር። ሰማዩ ራሱ በመንግሥት የሥራ መደብ ተደለደለ።

ታዲያ ዓመፆቹስ? ሃይማኖት መንግሥትን ገልብጦ የለምን? ይህ ሁለተኛው ተቃውሞ ነው፤ ከባድም ነው። ከቢጫ ሻሾቹ በተጨማሪ በ1351 የተነሡት ቀይ ሻሾች የሚመጣውን ቡድሃ የሚጠብቁ የነጭ ሎተስ ማኅበርተኞች ነበሩ፤ የሞንጎሎቹንም መንግሥት ለመጣል በቅተዋል። ነገር ግን ያሸነፈውን እንመልከት። ያ ሜንሲየስን የቆረጠው ዡ ዩዋንዣንግ ድሃ አደግና የቡድሃ ገዳም ደቀ መዝሙር ነበር፤ ከገዳም ወጥቶ ከቀይ ሻሾች ጋር ተሰለፈ። በ1368 ሲነግሥ ያደረገው የነጭ ሎተስን ማኅበር ማገድ፣ የኮንፊሽየስን ፈተና መመለስና መነኮሳቱን በመንግሥት ቢሮ ሥር ማስመዝገብ ነው። የሃይማኖት ዓመፅ ሥርወ መንግሥት ሊቀይር ይችላል፤ ሥርዓቱን ግን ያሸነፈው ዓመፀኛ ራሱ ይጠግነዋል።

ሦስተኛው ተቃውሞ ለስላሳ ነው። አውሮፓ በሃይማኖት ጦርነት ስትነድድ ቻይና ሦስቱን ትምህርቶች አቻችላ ኖረች፣ ይህ መቻቻል አይደለምን? ይባላል። ለሕዝቡ ከሆነ እስማማለሁ። አንድ ገበሬ ልጁን ኮንፊሽየስ ባዘዘው ሥርዓት አሳድጎ፣ ሲታመምበት የዳዎ ካህን ጠርቶ፣ ሲሞትበት በቡድሃ መነኩሴ ማስቀበሩ ነውር አልነበረም፤ ይህ የሰው ልጅ ብልኅነት ነው። የዙፋኑን ግን መቻቻል ብሎ መጥራት ይከብደኛል። በ446፣ በ574፣ በ845ና በ955 ገዳማትን ያፈረሰ መንግሥት ሲታገሥ የታገሠው እስከጠቀመው ድረስ ነው። ነገሩን የሚያጠራው ከጎረቤት ጋር ማስተያየት ነው። ጃፓን ያንኑ የኮንፊሽየስ መጽሐፍና ያንኑ ቡድሂዝም ከቻይና ወሰደች፤ ሹመት ግን በደም መወረሱን ቀጠለ፤ በሂዬ ተራራ ያሉት ገዳማት የታጠቀ ሠራዊት ነበራቸው፤ የጦር መሪው ኦዳ ኖቡናጋ በ1571 እስኪያቃጥላቸው ድረስም መንግሥትን ያስጨንቁ ነበር። በቲቤት ያው ቡድሂዝም ከ1642 ጀምሮ አምስተኛውን ዳላይ ላማ በዙፋን ላይ አስቀመጠ። ትምህርቱ አንድ ሆኖ መንግሥታቱ እንዲህ ከተለያዩ፣ ልዩነቱን ያመጣው ትምህርቱ ሊሆን አይችልም።

የመጨረሻው ሥርወ መንግሥት የቺንግ ነገሥታት ትምህርቶቹን ለዙፋን የማስገዛቱን ጥበብ ወደ ፍጹምነት አደረሱት። ከእነርሱ አንዱ ቺያንሎንግ ለቻይናውያን ሊቃውንት የኮንፊሽየስ ደቀ መዝሙር፣ ለቲቤትና ለሞንጎል ሰዎች ደግሞ ማንጁሽሪ የሚባለው ቡድሂስታዊ ቅዱስ ሆኖ ይሣል ነበር። በክረምት አጋማሽ፣ ሌሊቱ በሚረዝምበት ቀን፣ ቤጂንግ ባለው የሰማይ መሠዊያ መሥዋዕት የሚያቀርበው ራሱ ንጉሠ ነገሥቱ ነው፤ እንደ እኛ ነገሥታት በጳጳስ እጅ አይቀባም፤ ከእርሱ በላይ ካህን አልነበረምና። ያው ቺያንሎንግ በ1793 ታላላቅ ላማዎች ዳግመኛ ሲወለዱ ከዕጩዎቹ መካከል የሚመረጠው ከቤጂንግ በተላከ የወርቅ ማሰሮ ውስጥ ዕጣ በማውጣት እንዲሆን ደነገገ።

ይህ ሁሉ ያለፈ ታሪክ ነው፣ የዛሬዋን ቻይና የሚመራት ኮሚኒስት ፓርቲ ነው የሚል ሰው አይጠፋም። በ1966 ቀይ ዘቦች በቹፉ የሚገኘውን የኮንፊሽየስ መቃብር አፈረሱ። የባህል አብዮቱ መክፈቻ የሆነው ጽሑፍ ደግሞ ከዚያ ቀደም ብሎ በ1965 የወጣው፣ ስለዚያው ስለ ሃይ ሩዊ የተጻፈን ቴአትር የሚያወግዝ ነው፤ ንጉሥን የገሠጸ ሹም ከአራት መቶ ዓመት በኋላም አስፈራ። ዛሬ ኮንፊሽየስ ተመልሷል፤ በዓለም ዙሪያ ቋንቋ የሚያስተምሩ ተቋማት በስሙ ይጠራሉ። በጥር 2011 በቲያናንመን አደባባይ አጠገብ ትልቅ ሐውልቱ ቆመ፤ በሚያዝያ ያለ ብዙ ማብራሪያ ተነሣ። በ2013 ሥራ ላይ የዋለ ሕግ ልጆች ያረጁ ወላጆቻቸውን እንዲጠይቁ ያዛል። መንግሥት የሚቀበላቸው ሃይማኖቶች አምስት ናቸው፤ ቡድሂዝም፣ ዳዎይዝም፣ እስልምና፣ ካቶሊክና ፕሮቴስታንት። እያንዳንዳቸው ፓርቲው የሚቆጣጠረው ማኅበር አላቸው። በ2007 የወጣ ደንብ ደግሞ የቲቤት ላማ ያለ መንግሥት ፈቃድ ዳግመኛ መወለዱ ተቀባይነት እንደሌለው ይደነግጋል። በዳግም ልደት የማያምን ፓርቲ የዳግም ልደት ፈቃድ ይሰጣል። ቺያንሎንግ ይህን ደንብ ቢያነብ ከወረቀቱ በቀር አዲስ ነገር አያገኝበትም።

በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም የኮንፊሽየስ ተቋም አለ፤ ወጣቶቻችን እዚያ ማንዳሪን ቢማሩ ይጠቅማቸዋል፤ ቢበረታም ደስ ይለኛል። የቻይናን ታሪክ ግን ለቋንቋ ተቋም መተው የለብንም። የታሪክና የፖለቲካ ሳይንስ ትምህርት ክፍሎቻችን ቻይናን የሚያስተምሩ ከሆነ፣ ከኮንፊሽየስ ጎን ሃን ዩንና ሃይ ሩዊን፣ የ845ቱን አዋጅና የተቆረጠውን ሜንሲየስንም በሥርዓተ ትምህርታቸው ያስገቡ።